የአያ ወልደ ሰንበት አውራ ጣት

አንጋጫ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ልጄ ጠና፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዝናቡ በቀር የምንከሰው የለም። የመነጽሬ አንዱ ዓይን ስለተሰነጠቀ ይህን የምትጽፈው ገነቴ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ፤ አስተማሪን ግን ማን ያዛል።

ሽማግሌዎችህን ይዘህ የመጣህ ቀን ስትወጣ ሰንጢዬን ለምን እንዳስጨበጥሁህ አልገባኝም ብለሃል። እነሆ መልሱ። ታላቅ ወንድሜ አያ ወልደ ሰንበት እጅህን ጨብጦ፣ አገላብጦ ካየ በኋላ ያለውን አንተም ሰምተሃል፦ «ይህ እጅ ከቀለም በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።» የመንግሥት ጸሐፊ ነው፣ ሆሳዕና ተቀምጦ ደመወዝ ይበላል፣ ማረስ አያስፈልገውም ብዬ አስረዳሁት። «ደመወዝ የሚበላ ሰው ደመወዙ ሲያልቅ ምን ይበላል?» አለኝ። ከወንድሜ ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ስንቅ ይዞ ነው መምጣት ያለበት።

ስለዚህ በዚህ ተስማማን። ሰንጢው የአባታችን ነው። ስለቱ ደህና ነው፤ የእንጨት እጀታው ግን በጮማና በላብ ጠቁሮና ሻክሮ የጅብ ጀርባ መስሏል። አንተ በገዛ እጅህ፣ አናጢ ሳትጠራ፣ ፍቀህ፣ አለስልሰህ፣ ቀለም አጠጥተህ ለመስቀል ታመጣዋለህ። አያ ወልደ ሰንበት የመጀመሪያውን ሥጋ ይቆርጥበታል። መዳፉ ከወደደው እጅህ ተፈተነ፣ ሠርጉ ጥር ላይ ይሆናል። ካልወደደው የሚመጣውን መስቀል እንጠብቃለን። ገነቴን የሚጠይቅ ሌላ ሰው እንዳለም ላሳውቅህ። ስሙን አልጠራም፤ ልጄ ብዕሯን አቁማ እያየችኝ ነው።

አባትህ ሳህሉ

(በወረቀቱ ጠርዝ፣ በትንንሽ ፊደል) የሚጠይቀው ባለወፍጮው ነው። አወራሩ እንደ ወፍጮው ነው፣ ነዳጅ ካላለቀ አይቆምም። ቶሎ ፋቅ። ገነቴ።


ሆሳዕና፣ ሐምሌ 19 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሳህሉ፣

ጉዳዩ፦ የሰንጢ እጀታን ይመለከታል።

በቅድሚያ ከፍ ያለ ሰላምታዬን፣ ለጥቆም ዝቅ ብዬ እጅ መንሣቴን አቀርባለሁ። የመሥሪያ ቤት አጻጻፍ ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ።

ጣትህ እንዴት ሆነ ብለው በቃል ለላኩብኝ፣ ጣቴ ደህና ነው። የቅቤ ነጋዴዋ ትርፊት ደብዳቤያችንን ስለምታመላልስ ውለታዋ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሆሳዕና ላይ ጣቱን የተጫረ ሰው እሷ አንጋጫ እስክትገባ ድረስ ክንዱ ተቆርጧል።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ ለማለስለሻ አክሊሉ ሱቅ ሄጄ ብርጭቆ ወረቀት ስጠኝ አልሁት። «ለምን?» አለኝ። «ለጋብቻ» አልሁት። «ድሮ ለጋብቻ ቡልኮ ነበር የሚገዛው» ብሎ ሰጠኝ። አስቀድሜ እጀታውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። የላይኛው እድፍ የእርስዎ ነው፣ ከሥሩ ያለው የአባትዎ ነው፣ ከዚያ ሥር ያለው በማን ዘመን እንደታረደ የማይታወቅ የአንድ በሬ ጮማ ነው። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ክፍል ያለው አቧራ እንኳ እንዲህ በየዘመኑ ተለይቶ አልተቀመጠም። ሁሉንም በአክብሮት አነሣሁ። በመጨረሻ እንጨቱ ብቅ አለ፤ ወይራ ነው፣ ማር የመሰለ። በብርጭቆ ወረቀቱ፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አሸሁት። ጉንጬ ላይ ሳስነካው ከጉንጬ ይልቅ እሱ የተላጨ ይመስላል።

ምን ዓይነት ቀለም ይጠጣ የሚለው ከእኔ ሥልጣን በላይ ስለሆነ መመሪያዎን እጠብቃለሁ። እግረ መንገዴን፣ የጻፍሁት የጋብቻ ውል ከምን እንደ ደረሰ ቢገልጹልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ ጠና

ገነቴ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ አታንብቢ። አውራ ጣቴን በእውነት ቆርጬዋለሁ። ብዕር የምይዘው በሌሎቹ ነው፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው የመሰለው ለዚያ ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ጓደኞቼ ምን ሆንህ ሲሉኝ «በሥራ ላይ» አልኋቸው። አንድም ሰው አላመነኝም።


አንጋጫ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ልጄ ጠና፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ገነቴ አነበበችልኝ፤ መጨረሻው ላይ ሳል ያዛት እንጂ ደህና አነበበች።

ቀለሙ የበሰለ የወይራ ፍሬ ይምሰል። ጥቁር ነው ሲሉት ቀይ፣ ቀይ ነው ሲሉት ጥቁር የሚሆን። ከቀለሙ በላይ የተልባ ዘይት ቀባውና በደንብ እስኪደርቅ ተወው። እንጨት እንደ ሽማግሌ ነው፤ የነገሩትን ወዲያው አይውጥም፣ ከዋጠ በኋላ ግን አይተፋም። ዘይቱን ከዘለልህ ቀለሙ አይጸናም።

ስለ ውሉ ጠይቀሃል። ውሉ በሣጥኔ ውስጥ አለ፣ ጽሕፈቱም ያምራል። የጎደለው የአያ ወልደ ሰንበት አውራ ጣት ነው። የቤቱ ታላቅ እሱ ስለሆነ እሱ ጣቱን ሳያሳርፍ ማንም አያሳርፍም። እምቢ አላለም፤ «የጣት ቀለም የለም» ነው የሚለው። በግንቦት ከሺንሺቾ ቀለም ተውሰን አስመጣን። ቀለሙ በፊት ለፊት በር ሲገባ ወንድሜ ቀፎዬን ልይ ብሎ በጓሮ ወጣ፤ ከቀፎው ሲመለስ ቀለሙ ወደ ባለቤቱ ሄዷል። ንብ እንደሌለው አገር ያውቃል። ብቆጣ፣ በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት እንዲህ አለ፦ «ቀለም ጣቴ ላይ የተገኘ ቀን ያኔውኑ አትማለሁ። ከቃሌ ብወጣ ሥጋ አይጣመኝ።» ወንድሜ ብዙ ነገር ብሎ ያውቃል፤ በሥጋ ግን ቀልዶ አያውቅም።

አባትህ ሳህሉ

(በጠርዙ) ጣትህን ማር ቀባው። ባለወፍጮው ትናንት ሙክት እየጎተተ መጣ። ከሁለቱ ሙክቱ ጨዋ ነው።


ሆሳዕና፣ ነሐሴ 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሳህሉ፣

ጤናዎን፣ የአያ ወልደ ሰንበትን ጤና፣ የሌሉትንም ንቦቻቸውን ጤና እጠይቃለሁ።

ሥራው እንዴት እየሄደ ነው ብለው ለላኩብኝ ቃል፣ ሥራው በመልካም ሁኔታ እየተከናወነ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። «በመልካም ሁኔታ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ስላልቀረበልኝ በዚህ ላይ መልስ አልሰጥም።

ታዛዥ ልጅዎ ጠና

ገነቴ፣ እዚህ ላይ ሳል ይያዝሽ። በመልካም ሁኔታ ማለት እንዲህ ማለት ነው። መጀመሪያ የቡና አተላ አፍልቼ ዘፈዘፍሁት። ሲወጣ ወተት የበዛበት ቡና መሰለ፤ ለቁርስ እንጂ ለመስቀል የሚሆን አይደለም። ከዚያ ከሊስትሮው ቡኒ የጫማ ቀለም ለምኜ ቀባሁት። አማረ፤ እውነት እልሻለሁ፣ ዓይን ይስባል። ለሙከራ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዛሁና ቆራርጬ ቀመስሁ። የገዛ ጫማዬን የምበላ መሰለኝ። እንደገና ፋቅሁት። እጀታው እየቀጠነ ነው። እኔም።


አንጋጫ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም.

ልጄ ጠና፣

በመልካም ሁኔታ ማለት ምን ማለት ነው?

ደግሞም እንዲያው ሐሳብ መጣልኝና ልምከርህ። እጀታውን ከምግብ ጋር የማይስማማ ነገር እንዳትቀባው። ሥጋ የሚበላ ሰው ጫማው ትዝ ሊለው አይገባም።

አባትህ ሳህሉ

(በጠርዙ) አላነበብሁለትም! ጉሮሮዬ እስኪነድ ነው የሳልሁት። ትርፊት ነግራው ይሆናል፤ ሊስትሮው የእህቷ ልጅ ነው ይላሉ። ከእንግዲህ ምንም ነገር አትቅመስ።


ሆሳዕና፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሳህሉ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገርዎ። ሦስት ቀን ይቀራል፤ ነገር ግን በዚህ በጭቃ የትርፊት እግር ከዘመኑ ይዘገያል ብዬ ነው ያስቀደምሁት።

ላቀረቡልኝ ጥያቄ መልሱ እነሆ፦ ሥራው ተጠናቋል። እጀታው ለስላሳ ነው፣ ያበራል፣ የጫማም ሆነ የሌላ ልብስ ሽታ የለውም። ቀለሙን በተመለከተ፣ በታዘዝሁት መሠረት የወይራ ፍሬ ነው፤ ፍሬውም ወደ ማዕረግ ያዘነበለ ነው። ዝርዝሩን በአካል ስቀርብ እንድናየው ይፈቀድልኝ። መስቀል ለናንተ መሳላ፣ ለእኛ ያሆዴ ሆኖ በአንድ ቀን ስለሚውል፣ በያሆዴ ዋዜማ ከሆሳዕና እንዴት ትወጣለህ ብላ እናቴ አኩርፋብኛለች። አማት ዘንድ ነው የምሄደው ስላት ኩርፊያዋን በግማሽ ቀንሳለች።

ታዛዥ ልጅዎ ጠና

ገነቴ፣ አሁን የምነግርሽን በሳል ብቻ አታልፊውም፤ ብታስነጥሺም ጥሩ ነው። የማኅተም ቀለም ነው የቀባሁት።

አትቆጪ፣ ስሚኝ። ተቀምጬ አሰብሁ። በዚህ ዓለም ላይ እንጨት ውስጥ የሚሰርግ፣ የማይሸት፣ በሳሙና የማይለቅ ምን አለ? ዓሥር ዓመት ጣቴ ላይ የኖረው የማኅተም ቀለም። አክሊሉ ሱቅ ሄጄ ወይን ጠጁን ገዛሁ፤ ቀይ ቀለም ጨመርሁበት፤ ቡኒ ይወጣዋል ብዬ። እርጥቡን ሳየው የበሰለ ወይራ ነበር። ሲደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ላይ የጳጳስ ካባ ነው። የተልባው ዘይት እስኪደርቅ ደግሞ መስቀል ያልፋል፤ ስለዚህ በሰም ወልውዬ ተውሁት። ጨርቄ ከነካው ጨርቄ ይቀላል፣ እጄን ታጥቤ ከነካሁት እጄ ይቀላል፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ግን ምንም አይል። ደመና ይሁን ብለሽ ጸልዪ። አያ ወልደ ሰንበትም በዚያ ቀን እጃቸውን እንዳይታጠቡ።


አንጋጫ፣ መስከረም 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ልጄ ጠና፣

እንኳን አደረሰህ። በሬው ተገዝቷል። ቡላው ተዘጋጅቷል፣ ቅቤው ከትርፊት ነው። አያ ወልደ ሰንበት ከአሁኑ መዳፉን እያሻሸ፣ «ሻካራ ከሆነ አንድ ቁራጭ አልቆርጥበትም» ይላል። ስለ ቀለሙ ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልሁትም።

ከምግብ በፊት እጃችንን በሙቅ ውኃ እንድንታጠብ አዝዣለሁ። የበዓል ወግ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አባትህ ሳህሉ

(በጠርዙ) እኔ እንጃ፣ ሙቅ ውኃ በዚህ ቤት ታዞ አያውቅም። ለደመና ጸልያለሁ፤ ዛሬ ፀሐይዋ ድንጋይ ትሰነጥቃለች። ባለወፍጮውም ተጋብዟል፣ አዲስ ኮት አሰፍቷል። ሁሉ ቢበላሽ እንኳ ና።


ሆሳዕና፣ መስከረም 18 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሳህሉ፣

ጉዳዩ፦ ይቅርታ።

ትናንት ከግብዣው መሐል ተነሥቼ «በቅሎዬ ታማለች» ብዬ መውጣቴን ያስታውሳሉ። በእግሬ እንደ መጣሁም ያስታውሳሉ። ለዚህ የምሰጠው ማብራሪያ የለኝም።

አያ ወልደ ሰንበት ከነእርጥብ መዳፋቸው ሰንጢውን ጨበጡ። እጀታውን ዳበሱት። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ሲበራ አየሁ፤ ያችን ደቂቃ ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ሥጋውን መቁረጥ ሲጀምሩ ግን ከጣታቸው መሐል አንድ ወይን ጠጅ መስመር ወጥቶ ወደ አንጓቸው ሲወርድ አየሁ። እሳቸው ገና አላዩም። እኔ ካየሁ በኋላ እሳቸው እስኪያዩ መቀመጥ አልቻልሁም። ባለወፍጮው ስወጣ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ያ ትሕትናው ከሁሉ በላይ አቃጠለኝ።

የአባታችሁን ሰንጢ አበላሽቻለሁ። የታላቅ ወንድምዎን እጅ አበላሽቻለሁ። አያ ወልደ ሰንበት ከቀለም በቀር አያውቅም ያሉት እውነት ሆነ፤ ማስረጃውንም በገዛ እጄ አቅርቤያለሁ። ውሉን ቢቀድዱት አልከፋም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ገነቴን የትም ቢሰጧት፣ የምትስቅበት ቤት ይሁን።

ይህ ደብዳቤ ከታች የሚደበቅ ክፍል የለውም። ሁሉንም ታንብብልዎ።

ጠና


አንጋጫ፣ መስከረም 21 ቀን 1960 ዓ.ም.

ልጄ ጠና፣

የበቅሎህ ጤና እንዴት ነው?

ጽሕፈቱ መለወጡን አይተሃል። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መነጽሬ የተሠራው ሐምሌ ላይ ነው። ዝም ያልሁት፣ ልጄ ስታነብልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ደግሞ ስትስል ደብዳቤው የሚጣፍጥበት ቦታ እንደ ደረስን አውቃለሁ። ለማስተማር ስትወጣ ከሣጥን አውጥቼ የተሳለበትን ብቻ አነባለሁ። የኔንም ደብዳቤ አጥፌ ለትርፊት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ጠርዝ ደግሞ የወረቀት አካል ነው።

አሁን አንተ ጥለኸው የሄድከውን ልንገርህ።

አያ ወልደ ሰንበት ሥጋውን ቆረጠ። ሰንጢው በመዳፉ ተመችቶት፣ አንድ ጊዜ ቆርጦ የሚያስቀምጠው ሰው ለቤቱ ሁሉ ካልቆረጥሁ አለ። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ በእጁ አጎረሰ። እንግዳ ሲገባ ተነሥቶ ጨበጠ፤ የተጨበጠው ሌላውን ጨበጠ። ጥቂት ቆይቶ ቀና ብዬ ባይ የአንጋጫ ሽማግሌ ሁሉ ከንፈሩ ወይን ጠጅ ሆኗል። ማንም ስለ ራሱ አላወቀም፤ እርስ በርስ ግን እየተያዩ፣ በበዓል የሰው መልክ ማንሣት ነውር ነው ብለው ዝም አሉ። ትልቁን ጉርሻ የጎረሰው ባለወፍጮው ነበር፤ ወሬውን ሳያቋርጥ ነበር የጎረሰው። ትርፊት «አንተ ሰው፣ ከንፈርህ ምን ሆኗል? ልብህን ያምህ ነበር?» አለችው። ደጅ ከቆመ መኪና መስታወት ላይ ራሱን አየ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆነ፤ ዝም አለ። ከዚያ ሐኪም ፍለጋ ዶዮገና ሄደ። አዲሱ ኮት የእጅጌው ጫፍ እስካሁን አልለቀቀም አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሣጥኔን ከፈትሁ፤ ውሉን አውጥቼ ከሥጋው አጠገብ አነጠፍሁት።

«አያ፣ እስቲ አውራ ጣትህን እይ» አልሁት።

አየው። በጋቢው ጠረገው፤ ጋቢውም ቀላ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀለም ነው።»

«ማን ቀባኝ?»

«ማን ይቀባሃል፤ አንተው ወደኸው ነው የጨበጥኸው።»

ወደ ጓሮ በር ዞር አለ። በሩ ላይ ገነቴ ሙቅ ውኃ ይዛ ቆማለች፤ አላለፈችም፣ አልተመለሰችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጀመረው፣ ሁሉም ተቀበለው፦ «ቀለም ጣቴ ላይ የተገኘ ቀን። ሥጋ አይጣመኝ።» ወንድሜ ውሉን አየ። ሥጋውን አየ። ወገብ ሥጋ ነበር፣ ጮማው ነጭ። እንደገና ውሉን አየ።

አሳረፈው። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ጣት በመሥሪያ ቤታችሁም አይገኝም፤ መስመሩ ሁሉ ይቆጠራል። ሌሎቹ ቀለም ስጡን ሳይሉ ተሰለፉ። ማተም ያልነበረበትም አተመ። የትርፊት ጣት አለበት፤ «አንቺን ምን አገባሽ?» ብላት «ደብዳቤው የተመላለሰው በማን እግር ነው?» አለችኝ። በጠርዙ ላይ ያለው ትንሽ ጣት ግን የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሳለ ሰው ነው።

ወንድሜ ካተመ በኋላ ያለውን ሳልጽፍልህ አላልፍም፦ «ከቀለም በቀር አያውቅም ብዬ አልነበር? አሁንም አልተሳሳትሁም።» ከዚያ ሰንጢውን ኪሱ ከተተ። የእኔ ነው ስለው፣ «የአባቴ ነው፣ ታላቁ እኔ ነኝ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስጡኝ ብሎ አያውቅም ነበር።

የወይን ጠጁን ነገር አትፍራ። ትርፉን ሁሉ የሰው መዳፍ ወሰደው፣ ቅቤውና ጮማው ገባበት። ትናንት ፀሐይ ላይ አየሁት። ጥቁር ነው ስትለው ቀይ፣ ቀይ ነው ስትለው ጥቁር ነው። አንተ ያላደረቅኸውን ዘይት አንጋጫ አደረቀልህ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በጸሎት ቤት አያ ወልደ ሰንበት ሁለት እጁን አንሥቶ ሲጸልይ ግን ምእመኑ ሁሉ ዓይኑን ገለጠ። ሊገሥጻቸው አልቻለም፤ የሁሉም እጅ ያው ነበር።

ሠርጉ በጥር ነው። ስትመጣ ለወንድሜ የሚሆን ሌላ ሰንጢ ካለህ ያዝለት፣ የኔን ይመልስልኝ እንደሆነ፤ የዱሮውን መጥረቢያዬን እጀታ ደግሞ ላሳይህ አስቤያለሁ።

አባትህ ሳህሉ

ጠርዙን ባዶ ትቼላታለሁ። ወደ ውጭ እያየሁ ነው።

(በጠርዙ፣ በትልልቅ ፊደል) አባባ እያነበበ ስለሆነ የምጽፈው ነገር የለኝም። ጣቴን እስከ ዛሬ አልታጠብሁትም። በቅሎህን ጭነህ ና።